እንቁላሉን የረገጡ ልጆች

ስሙኝማ፤ ከእኛ ወዲያ፣ ደቡብ ሱዳንን ተሻግሮ፣ አቾሊ የሚባል ሕዝብ የሚኖርበት የሰሜን ኡጋንዳ ምድር አለ። ትልቁ ከተማው ጉሉ ነው። ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። በ2003 እና በ2004 ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ወደ ጉሉ የሚያስገቡት የአፈር መንገዶች በልጆች ይሞሉ ነበር። ታላቅ ታናሹን እጁን ይዞ፣ ምንጣፉን ጠቅልሎ በራሱ ላይ አድርጎ፣ በባዶ እግር። አባትና እናት አብረዋቸው የሉም፤ ጎጆና እህል ሊጠብቁ መንደር ቀርተዋል። ልጆቹ ከተማ ደርሰው በሱቅ በረንዳ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በላኮር ሆስፒታል ቅጥር ውስጥ፣ በአውቶቡስ መናኸሪያው ሲሚንቶ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ። ሲነጋ ደግሞ ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ፤ ትምህርት ያለው ወደ ትምህርቱ፣ ሥራ ያለው ወደ ሥራው። ነገሩ በከፋበት ጊዜ ቁጥራቸው 40,000 ገደማ ደርሶ ነበር።

የሚሸሹት የጌታ ተዋጊ ጦር የሚባለውን የጆሴፍ ኮኒን ሠራዊት ነው። ይህ ጦር ልጅ ይሰርቅ ነበር። የወታደር ደመወዝ የለው፣ ወዶ ዘማች የለው፤ ስለዚህ ሌሊት መንደር ገብቶ ልጆችን በገመድ አሥሮ ይወስድ ነበር። ወንዱን ተዋጊ፣ ሴቷን የአዛዥ "ሚስት"። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት በዚያ ጦርነት የተጠለፉትን ልጆች ከ25,000 በላይ አድርጎ ገምቷል።

አሁን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ሁሉ የሚበቅለው ከዚህች ቦታ ነው። ይህ ጦርነት ከመጀመሪያው የመንፈስ ጦርነት ነበር። በ1986 የአማፂ መሪ የነበሩት ሙሴቬኒ ዋና ከተማዋን ካምፓላን ሲይዙ የወደቀው መንግሥት ወታደሮች ብዙዎቹ አቾሊ ነበሩ፤ ተሸንፈው ወደ መንደራቸው ተመለሱ። በዚያ ጊዜ አሊስ አውማ የምትባል ሴት ተነሣች። ላክዌና የሚባል መንፈስ አደረብኝ፤ ይህን ሕዝብ ከኃጢአቱ አንጽቼ ወደ ድል እመራዋለሁ አለች። ተከታዮቿ የሺአ ዘይት ተቀብተው፣ ጥይት አይበሳንም ብለው፣ እየዘመሩ ወደ ተኩስ ገቡ። በ1987 ጂንጃ አጠገብ ድል ተነሡ። እሷ ወደ ኬንያ ሸሸች፤ በ2007 እዚያው በስደተኞች መጠለያ ሞተች። ኮኒ የዚያው የመንፈስ ማዕበል ልጅ ነው። ኦዴክ በምትባል መንደር ተወልዶ፣ ቤተ ክርስቲያን ተመላልሶ ያደገ ሰው ነው። ዘይቱን ከእርሷ ወሰደ፤ መስቀሉን ከቤተ ክርስቲያን ወሰደ።

ልጁ በተጠለፈ በጥቂት ቀን ውስጥ ይቀባል። ግንባሩ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ እጁ ላይ በዘይት መስቀል ይደረግበታል። ከዚያ ይነገረዋል፤ ይህ ዘይት ያለበት ሰው ቢያመልጥ ኮኒ ያየዋል፤ መንፈሱም የልቡን አሳብ ያነብባል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን ቢያምን ማን ይፈርድበታል? ቀጥሎ ለማምለጥ ሞክሮ የተያዘውን ጓደኛውን እንዲገድል ይታዘዛል። እምቢ ያለ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ልጁ ቤቱም ቢመለስ ቤቱ የእርሱ አይመስለውም፤ እጁን ያውቀዋላ።

እኔ ይህን ነገር ባሰብሁት ቁጥር የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። ለእነዚህ ልጆች ጸሎት፣ ቅባት፣ መስቀል የሚባሉት ነገሮች መጽናኛ ከመሆናቸው በፊት ማሠሪያ ሆነውባቸዋል። ሰው በሐዘኑ ቀን የሚሸሽበት የመጨረሻው ጓዳ ቀድሞ ተዘርፏል። ስለዚህ "ሃይማኖት ያድናል" ብሎ መናገርም፣ "ሃይማኖትን ተዉት፣ ሐኪም ብቻ" ብሎ መናገርም በዚያ ምድር አይበቃም። የቆሰለው እዚያው መንፈሱ ላይ ነውና እዚያው መንካት የግድ ነበር። ጥያቄው ማን ይንካው፣ እንዴት ይንካው ነው።

አንድ ልጅ እንውሰድ። ስም አልሰጠውም፤ ከብዙ ልጆች ታሪክ የተሠራ ነው። ከጫካ አመለጠ እንበል፤ ወታደሮች አገኙት፣ ጉሉ ባለው የልጆች መቀበያ ማዕከል አደረሱት። ታጠበ፣ በላ፣ ልብስ ተቀየረለት። ሌሊት ግን የገደለው ልጅ ይመጣል። አልጋው ጫፍ ላይ ይቆማል፤ "ለምን?" ይለዋል። ልጁ ይጮኻል፣ ይነሣል፣ ይሮጣል፤ አንዳንዴም አጠገቡ የተኛውን ይመታል። አቾሊዎች ይህን ያውቁታል። ቸን ይሉታል፤ ክፉ ሞት የሞተ፣ ሳይቀበር የቀረ ሰው መንፈስ ነው፤ የገደለውን ይከተላል፣ የገዳዩንም ቤተሰብ ይከተላል። ከሬሳ አጠገብ ያለፈ ሰው እንኳ ሊይዘው ይችላል። ለዚህ ነው ጎረቤት ልጆቹን "ከእሱ ጋር እንዳትጫወቱ" የሚለው። ልጁ ሁለት ጊዜ ይታመማል፤ አንዱ በሚያየው፣ ሁለተኛው ሰው ሲሸሸው።

የጀርመን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ1,100 የሚበልጡ የሰሜን ኡጋንዳ ወጣቶችን ጠይቀው በ2012 ባወጡት ጥናት ቸን ያሠቃየኛል የሚሉት በተጠለፉት ዘንድ በዝተው ተገኙ፤ ብዙ ግፍ ያየው ደግሞ ይብሱን። መንፈስ አለ የለም የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዉልኝ። ልጁ ሲሠቃይ ሥቃዩ የሚናገርበት መልክ ይህ ነው። በዚህ መልክ ካልሰማነው ጨርሶ አንሰማውም።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ምን አደረጉ? እንቁላል አመጡ። ከጥንት ጀምሮ ከሩቅ አገር፣ ከረጅም መንገድ የተመለሰ ዘመድ ወደ ግቢ ከመግባቱ በፊት እንቁላል ይረግጥ ነበር። በመንገድ ላይ የተጣበቀበት ነገር ካለ እዚያው ደጅ እንዲቀር። እንቁላሉ ጥሬ ነው፤ ምንም ያልነካው፣ በማንም ላይ ክፉ ያልተናገረ። ከእንቁላሉ ጋር ሁለት ነገር ይቀመጣል። አንዱ ኦፖቦ የሚባል የሚያሙለጨልጭ ቅርንጫፍ ነው፤ ክፉው ነገር እንዲሟልጭና እንዲወድቅ። ሁለተኛው ላይቢ ነው፤ የጎተራ ክዳን የሚነሣበት ባላ እንጨት። ይህኛው ነው ሆዴን የሚያባባው። ለልጁ የሚነግረው፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ከቤተሰቡ ጎተራ እንደ ልጅ እንደሚበላ ነው። በጉሉ የአቾሊ የባህል መሪዎች ብዙ ተመላሾችን ባንድ ቀን ሰብስበው ይህን ያደረጉባቸው ጊዜያት አሉ፤ ወጣቶቹ ተራ በተራ እየረገጡ፣ አንዳንዶቹ ልጅ አዝለው።

ምኑ ነው የሚያድነው ብትሉኝ የእኔ መልስ ይህ ነው። ግቢው ሙሉ ሰው ቆሞ ያያል። ጎረቤት፣ አጎት፣ ከልጁ የሸሸችው የጎረቤት ሴት ሁሉ ያያሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ቸኑን ለብቻው አይሸከምም፤ ጎሳው ተካፍሎታል። ሐኪም ክኒን ሊሰጥ ይችላል፤ ይህን ግን ሊሰጥ አይችልም።

ሆኖም እንቁላሉ ሁሉን አልቻለም፤ ይህንም ሸፍኜ አላልፈውም። አቾሊ ዘንድ ለተገደለ ሰው የሚደረገው ዕርቅ ሌላ ነው፤ ማቶ ኦፑት ይባላል። የገዳይና የሟች ጎሳዎች ለብዙ ጊዜ ሳይበላሉ ከቆዩ በኋላ እውነቱ ይነገራል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ በመጨረሻም የኦፑት ዛፍ መራራ ሥር ተወቅጦ በአንድ ቅል ይቀርባል፤ ሁለቱ ወገኖች ጎንበስ ብለው አብረው ይጠጣሉ። እንግዲህ ያ ልጅ ማንን እንደገደለ አያውቅም! በጨለማ፣ በማያውቀው መንደር፣ ስሙን የማያውቀውን ሰው ነው። ከማን ጎሳ ጋር ይጠጣ? አንዳንዱም የገደለው እንደ እርሱ የተጠለፈ፣ ከየት እንደመጣ ያልጠየቀውን ልጅ ነው። ሥርዓቱ የተሠራው ሟችና ገዳይ ለሚተዋወቁበት ዓለም ነበር።

ሴቶቹ ደግሞ ከዚህ የከፋ ገጠማቸው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ለአዛዥ የተሰጠች ልጅ ሁለት ልጆች ይዛ ትመለሳለች። እንቁላሉን ረግጣለች፤ ግን በእሷ ላይ የተፈጸመውን የሚያነሣ ሥርዓት ሽማግሌዎቹ ዘንድ አልነበረም። ልጆቿንም "የአባታቸው ጎሳ የት ነው?" ይሏቸዋል። አንዳንድ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያናት በበኩላቸው እንቁላሉን "የሰይጣን ሥራ ነው" አሉት። ልጁ ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ተመላለሰ፤ አንዱ ሲያነጻው ሌላው መልሶ ያረክሰዋል። ይህ ዓይነቱ የካህናትና የሽማግሌዎች ፉክክር በአንድ ሕፃን ራስ ላይ ሲካሄድ ማየት ያስቆጣኛል።

አሁን እዚያው ሰሜን ኡጋንዳ ውስጥ ወዳለችው አቦኬ ልውሰዳችሁ። ጥቅምት 1996፣ ሌሊት። የቅድስት ማርያም የሴቶች ትምህርት ቤት። አማፂዎቹ መስኮት ሰብረው 139 ልጃገረዶችን ይዘው ወጡ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ጣሊያናዊቷ መነኩሲት ሲስተር ራኬሌ ፋሴራ አንድ መምህር አስከትለው በእግራቸው ተከተሉ፤ ጫካ ውስጥ ደረሱባቸው፤ ለመኑ፣ ተንበረከኩ። 109 ልጆችን አስመለሱ። 30ውን ከለከሏቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው ሲመለሱ የነበረውን ስሜት ማውራት አልችልም።

ከ30ው የአንዷ እናት ወይዘሮ አንጀሊና አቲያም የሊራ ከተማ ነርስ ነበሩ። ወላጆቹ በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ይጸልዩ ጀመር። አንድ ቀን አባታችን ሆይ ሲሉ፣ የበደለንን ይቅር ስለማለት የሚናገረው ቦታ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተቋረጠ። ሊሉት አልቻሉም። ቃሉን ብለው ልባቸው ግን ሌላ ቢል ሐሰት ሆነባቸው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ይህን መቋረጥ እጅግ አከብረዋለሁ። ብዙ ሰው ሳይሰማው ያልፈዋል፤ እነርሱ ቆሙ። ወይዘሮ አንጀሊና ከብዙ ትግል በኋላ ልጃቸውን የያዘውን አማፂ እናት ፈልገው ሄዱ፤ ለእርሷና ለልጇ ይቅርታቸውን ነገሯት። ቀጥለው ልጆቹ እንዲለቀቁ በዓለም ፊት መጮኽ ያዙ። ጩኸታቸው ያስከፋቸው አማፂዎች "ዝም በይ፣ የአንቺን ልጅ እንለቅልሽ" አሉ። ሴትዮዋ እምቢ አሉ፤ ወይ ሁሉም፣ ወይ የለም። ልጃቸው በ2004 ራሷ አምልጣ መጣች፤ ልጆች ወልዳለች። ሴት አያታቸው አቅፈው ተቀበሏቸው። ከ30ው አምስቱ እዚያው ጫካ ሞተዋል።

የይቅርታ ታሪክ ሲነገር ሰው ቶሎ ወደ መጨረሻው ይሮጣል፤ እኔ ግን እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተቋረጠው ጸሎት ላይ መቆየት እወዳለሁ። የተጎዳን ልጅ ገና ሳያወራ "ይቅር በል" ማለት ሁለተኛ ጉዳት ነው። እነዚያ ወላጆች አዋቂዎች ነበሩ፤ ቢሆንም ጊዜ አስፈለጋቸው።

የሃይማኖት አባቶቹም ነበሩ። የካቶሊኩ ሊቀ ጳጳስ ጆን ባፕቲስት ኦዳማ፣ የአንግሊካን ጳጳሳት፣ ሙስሊም ሼኾች አንድ የሰላም ኅብረት መሥርተው ነበር። ከመካከላቸው ጡረታ የወጡት ጳጳስ ማክሊዮድ ቤከር ኦቾላ ባለቤታቸውን በ1997 በፈንጂ አጥተዋል። የተጠለፉት ልጆች ሲመለሱ እንዳይከሰሱ የምሕረት ሕግ እንዲወጣ ከገፉት መካከል እነዚህ ሰዎች ነበሩ፤ ሕጉ በ2000 ወጣ። በሰኔ 2003 ደግሞ ያደረጉትን ስሙ። ምንጣፋቸውን ይዘው፣ አመሻሹ ላይ ከልጆቹ ጋር በእግራቸው ወደ ጉሉ ገቡ፤ መናኸሪያው ሲሚንቶ ላይ ከልጆቹ ጎን ተኙ። አራት ሌሊት። ስብከት ቢሰብኩ ዓለም ባልሰማቸው ነበር፤ ይህን ሲያደርጉ ግን ካሜራው መጣ፣ ባለሥልጣኑ መጣ። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ኃላፊ ያን ኤግላንድ ሰሜን ኡጋንዳን አይተው ዓለም ከረሳቸው ቀውሶች ሁሉ የከፋ መሆኑን ተናገሩ። የልጆቹን ፍርሃት ግን ያቀለለው፣ እኔ እንደምገምተው፣ ሌሊት ነቅተው ሲያዩ አጠገባቸው ያንኮራፉ የነበሩት ሽማግሌ ናቸው።

በ2010 ሌላ ጥናት ወጣ። ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 የሆኑ 330 የቀድሞ ልጅ ወታደሮችን የጠየቀ ነው። ያን ሁሉ አይተው ከሩብ ጥቂት በለጥ የሚሉት ከከባድ የአእምሮ ችግር ተርፈው ተገኙ። ምን ለያቸው? ከመንፈሳዊ ሕይወታቸው ድጋፍ እናገኛለን የሚሉ ነበሩ። ግን እዚያው ጎን ሌላም አለ፤ ከተመለሱ በኋላ በቤታቸው ብዙ ያልተደበደቡ፣ ቤተሰባቸው በድህነት እጅግ ያልተጎዳ፣ ራሳቸውን እምብዛም የማይኮንኑ፣ በቀል ያልያዛቸው። ይህን ያነበበ ሰው እምነትን ለብቻ ነጥሎ አያሞግስም። እያሰገደ የሚደበድብ አባት ያለበት ቤት ልጁን አያድነውም። "እግዚአብሔር ቀጥቶህ ነው" የሚል ሰባኪም ያንኑ ልጁን የሚበላውን የጥፋተኝነት ስሜት ይመግበዋል።

ከሐኪሞቹም ወገን የማመሰግነው ሥራ አለ። በ2011 የታተመው ሙከራ 85 የቀድሞ ተጠላፊዎችን ያዘ። ከዚያው አገር የሠለጠኑ፣ ቋንቋቸውን የሚናገሩ ሰዎች እየሄዱ በየቤታቸው ስምንት ጊዜ ያህል ያስወሯቸው ነበር። ወለሉ ላይ ገመድ ይዘረጋል፤ የልጁ ሕይወት ነው። ልጁ ክፉ በሆነበት ቦታ ድንጋይ፣ ደግ በሆነበት ቦታ አበባ ያስቀምጣል። ከዚያ ከልደቱ ጀምሮ ይተርካል። ድንጋዩ ጋ ሲደርስ አይዘልለውም፤ ያየውን፣ የሸተተውን፣ ልቡ እንዴት እንደመታ ሁሉ ይናገራል። ሰሚው ይጽፋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያነብበለታል። በመጨረሻም ታሪኩ በጽሑፍ ይሰጠዋል። በዚህ መንገድ የተረዱት፣ ትምህርት ከተሰጣቸውም ወረፋ ከጠበቁትም ይልቅ ቅዠታቸው ቀለለ። ትረካ ሥራዬ ስለሆነ ይህን ሳነብ ደስታዬ ልዩ ነበር። በዚያ ገመድ ላይ አበባ መኖሩን ደግሞ አትርሱት፤ ልጁ ከጫካ በፊት እናት ነበረችው፣ ኳስ ነበረው።

ይህን ሁሉ ለምን እንደማወራችሁ ሳትገምቱ አልቀራችሁም። በኅዳር 2020 ትግራይ ውስጥ ፈንድቶ አማራንና አፋርን ያዳረሰው ጦርነት በእኛም ቤት ሌሊት የሚጮኹ ልጆች ትቷል፤ ከዚያም በኋላ ተኩሱ በየቦታው አልበረደም። እናት መጀመሪያ የምትወስደው ወዴት እንደሆነ እናውቃለን፤ ወደ ጸበል፣ ወደ ንስሐ አባት፤ ሙስሊሟም ቁርአን ወደሚቀራበት። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው፤ ካህኑ ቅርብ ነው። ስለዚህ የልጁን ቅዠት መጀመሪያ የሚሰማው ካህኑ ወይም ሼኹ ነው። ይህን ሸክም ያለ ሥልጠና ትተንባቸዋል። ጸበል የሚጠመቀውን ልጅ ክኒኑን አስጥለው የሚልኩ እንዳሉ ሁሉ፣ "ልጄ፣ ጸበሉንም ጠጣ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ" የሚሉ አባቶች አሉ፤ እነዚህን ማብዛት ነው የሚያስፈልገን። ሐኪሙም "ጋኔን ያሠቃየኛል" ያለውን ልጅ ሳይስቅ፣ ሳያቋርጥ እንዲሰማው እፈልጋለሁ።

ታሪኬን በአንድ ሰው ልጨርስ። ዶሚኒክ ኦንግዌን ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ተጠለፈ፤ ዘጠኝ ዓመት ገደማው ነበር። ዘይቱን ተቀባ። አድጎ አዛዥ ሆነ፤ እርሱ በተራው ልጆችን ጠለፈ፣ ሴቶችን በግድ ያዘ፤ የኦዴክን፣ የሉኮዲንና የአቦክን የተፈናቃይ መጠለያዎች ካስጠቁት አዛዦች አንዱ ነው። በ2015 እጁን ሰጠ። በየካቲት 2021 ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ61 ክሶች ጥፋተኛ አለው፤ በግንቦት 25 ዓመት ፈረደበት። ዳኞቹ ተጠልፎ የተወሰደ ሕፃን መሆኑን ቆጥረውለት ቅጣቱን አቅልለዋል። ጠበቆቹ በአቾሊ ባህል መሠረት ዕርቁ እንዲታሰብለት ጠይቀው ነበር፤ አልተቀበሏቸውም። ከተበዳዮቹ ከፊሎቹ ከላንጎና ከሌሎች ሕዝቦች ናቸው፤ አቾሊዎቹም ቢሆኑ ሁሉም መራራውን ሥር ከእርሱ ጋር ለመጠጣት አልፈቀዱም። ፍርድ ቤቱ ልክ ነበር እላለሁ፤ ተበዳይ ካልወደደ ዕርቅ የለም። አሁን በኖርዌይ እስር ቤት ነው።

በየካቲት 2024 ያው ፍርድ ቤት 52 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ካሣ ወሰነ፤ ለእያንዳንዱ ተበዳይ 750 ዩሮ ምሳሌያዊ ክፍያ፣ ቀሪው ለጋራ ማገገሚያ። ኦንግዌን የሚከፍለው ስለሌለው ገንዘቡ ከለጋሾች እየተለመነ ይሰበሰባል። በተበዳዮቹ መዝገብ ውስጥ ጫካ የተወለዱት ልጆች አሉበት። ብዙዎቹ ዛሬ ከሃያ ዓመት አልፈዋል። ማገገሚያው ሲመጣ ሐኪምም መካሪም ይኖረው ይሆናል። የሚያርሱበትን መሬት ግን የሚሰጣቸው ጎሳ ነው፤ ጎሳውም እስካሁን የአባታቸውን ስም ይጠይቃቸዋል።